ጤናን ፍለጋ መሳፈር

በ2012 ዓ.ም በመጋቢት ወር፣ የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሁለት ምክር በአንድ ጊዜ ተነገረው። አንደኛው፣ ከቤትህ አትውጣ፣ ከሰው ጋር አትጋፋ፣ እጅ ለእጅ አትጨባበጥ የሚል ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ በቤት ተዘግቶ የሚውል ሰው ደሙ እንዳይረጋ፣ መንፈሱም እንዳይጨልም፣ አካሉን ያንቀሳቅስ፣ ንጹሕ አየርም ይቀበል የሚል ነበር። ሁለቱም ምክሮች ከአንድ ሐኪም አፍ የወጡ ስለ ነበሩ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መጣል አይቻልም ነበር፤ ነገር ግን ሜዳው ከሠፈሩ የራቀበት ሰው፣ ሊሮጥበት ወደሚችለው ስፍራ ተሽከርካሪ ተሳፍሮ መሄድ ይገባዋልን የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ተሰንቅሮ ቀረ። ነገሩን ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው ይህ የቅንጦተኛ ጥያቄ ይመስላል። ሆኖም የሕግን ዝምታ፣ የሀብትን ልዩነት፣ የጎረቤትን መብትና የበሽታውን ጠባይ አጣምሮ የያዘ በመሆኑ፣ ፍርሀቱ ከበረደ በኋላም ቢሆን ተረጋግቶ ሊመረመር የሚገባው ነው።

የዘመኑን ቅደም ተከተል ባጭሩ ላስታውስ። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያወጀው መጋቢት 2 ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን፣ ማለትም መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የስፖርት ውድድርና ሕዝባዊ ስብሰባም ታገደ፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ይህም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ በኋላ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ተብሎ ለአምስት ወር ጸና። አዋጁን የጣሰ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር፤ አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብም ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብን ከለከለ፣ የሕዝብ ማመላለሻም ከመቀመጫው እኩሌታውን ብቻ እንዲጭን አዘዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን፣ በዕለት ሥራ የሚያድረው ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ የሚውልበት ስንቅ እንደሌለው መንግሥት ራሱ ያውቅ ስለ ነበር፣ አገር አቀፍ የቤት ውስጥ ውሎ አልታወጀም። ስለዚህ ለአካል እንቅስቃሴ ስንት ጊዜ መውጣት፣ እስከ የት መሄድ እንደሚቻል የሚወስን አንቀጽ አልነበረንም፤ ሕጉ ዝም ባለበት ስፍራ እያንዳንዱ ሰው ከኅሊናው ጋር ተፋጠጠ።

ነገሩን ከአማኑኤል ላይ ሆኖ ማየት ጥቅም አለው። አማኑኤል በምሥራቅ ጎጃም የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደምበጫና ወደ ቡሬ፣ ከዚያም እስከ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ብቸናና ሞጣ ከደጀን ታጥፎ በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፈው በሌላው መንገድ ላይ ሲሆኑ፣ አማኑኤል ግን መንገደኛ ሁሉ ሻይ የሚጠጣባት፣ ሹፌርም ጎማውን የሚያስነፋባት የዋናው መንገድ ልጅ ናት። መጋቢት 22 ቀን የአማራ ክልል መንግሥት ባሕር ዳርን፣ አዲስ ቅዳምን፣ እንጅባራንና ቲሊሊን ለ14 ቀናት ከእንቅስቃሴ ሲዘጋ፣ ካርታ ዘርግቶ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አልቀረም፤ አራቱም ከተሞች የተሰለፉት በአማኑኤል ደጃፍ በሚያልፈው በዚያው አስፋልት ላይ ነው። በሽታው በነፋስ ተነሥቶ በተራራ ላይ አልወረደም፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተሳፍሮ መጣ። ይህን አንድ ነገር አጥብቆ የያዘ ሰው ለጥያቄያችን የመልሱን እኩሌታ እንደ ያዘ እቆጥረዋለሁ።

በአማኑኤልና በመሰሎቿ ከተሞች ለጤናው ብሎ የሚሮጥ ሰው ማን እንደ ሆነ መናገር አያስቸግርም፤ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት ነው። ገበሬው ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ እርሻው የሚወርድ፣ ማታ ከብት እየነዳ የሚመለስ ሰው አካሉን ማንቀሳቀስ አለብህ ቢባል ምክሩ እንደ ቀልድ ይሆንበታል። በዚያ ሰሞን አንድ መምህር ላብ እያጠመቀው በጎዳናው ዳር ሲሮጥ፣ በሬዎቹን እየነዳ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆም ብለው፣ «ምነው መምህር፣ ማን አባረረዎ?» ብለው ጠየቁት። «ማንም አላባረረኝም አያ፣ ጤናዬን ፍለጋ ነው» ቢላቸው፣ «እንዲህ ከሮጡማ ጤናዎም አይደርስብዎ» ብለው በሬዎቻቸውን አስከትለው ሄዱ። ሽማግሌው እንደ ቀለዱ መምህሩም ያውቃል፤ ነገር ግን ከቀልዱ በስተኋላ አንድ እውነት አለ። ለጤና ተብሎ የሚደረግ ሩጫ ሥራቸው ከመቀመጫ ጋር ያሰራቸው ሰዎች ጉዳይ ነውና፣ ለእርሱ ሲባል የሚጠየቀው የመንገድ ፈቃድም የእነዚሁ ሰዎች ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያው ወቅት ማለዳ ማለዳ በከተማው ውስጥ ሊታይ የሚችለው ትርኢት ይህ ነበር፤ ሦስት ወጣቶች የስፖርት ቱታቸውን ለብሰው አንድ ባጃጅ ይጠራሉ፤ ከኋላው መቀመጫ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው፣ ሸራውን ከብርዱ የተነሣ ግራና ቀኝ አውርደው፣ ሹፌሩም ከፊታቸው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ገላጣ ሜዳ ይጓዛሉ። ሜዳው ላይ እንደ ደረሱ ግን ሕግ አክባሪ ይሆናሉ፤ አንዱ ከሌላው ዐሥር እርምጃ ርቆ ይሮጣል፣ ጭምብላቸውን ከአገጫቸው በታች አድርገው በሩቁ ይጠራራሉ፤ ሲጨርሱም ላባቸው ሳይደርቅ በዚያው ባጃጅ ተጠጋግተው ይመለሳሉ። ሜዳው ላይ የተጠነቀቁለት ነገር ሁሉ በባጃጁ ውስጥ ፈርሶ ነበር። እነዚህን ወጣቶች ማንም ክፉ ሊላቸው አይችልም፤ ጥንቃቄያቸው ከልብ ነው፤ የሳቱት ጥንቃቄው የሚያስፈልግበትን ስፍራ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው የሊቃውንት ምርመራም ይህንኑ ይደግፋል። የቻይና ተመራማሪዎች በ2012 ዓ.ም ክረምት ከመግባቱ በፊት ባወጡት ጥናት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው በአንድነት የተያዙባቸውን 318 አጋጣሚዎች መርምረው ሁሉም በቤት ወይም በተሸፈነ ስፍራ የደረሱ ሆነው አገኙአቸው፤ ከ7 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ሕመምተኞች መካከል ከቤት ውጭ በሽታው እንደ ተላለፈ የተረጋገጠው በአንድ አጋጣሚ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሁለት ሰዎችን ብቻ የነካ ነበር። ገላጣው ስፍራ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነበር ማለት ነው። በሽታው የሚወደው የተዘጋ መስኮት፣ የተጠጋጋ መቀመጫ፣ ረጅም ወሬና የጋራ ማዕድ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በጉዞ ላይ የሚገኝ ነገር ነው። እንግዲህ ሩጫው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጉዞው ተጠያቂ ከሆነ፣ ስፖርትን ከጉዞ ሳይለይ በአንድነት የከለከለ ሕግም፣ ስፖርት ጤና ነው ብሎ ጉዞውንም አብሮ የባረከ ሰውም፣ ሁለቱም ነገሩን ደባልቀውታል።

ነገር ግን ይህን ከአማኑኤል ተነሥቶ ለሚናገር ሰው ቀላል ነው፤ ደጃፉን ከፍቶ ወጥቶ በጥቂት ደቂቃ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የሚደርስ ሰው፣ «ከደጃፍህ ተነሣ» የሚለውን ምክር ያለ ብዙ ድካም ይቀበለዋል። የአዲስ አበባ ሰው ጉዳይ እንዲህ አይደለም። በዚያ ሰሞን በመርካቶ ወይም በተክለ ሃይማኖት ሠፈር በአንድ ግቢ ውስጥ ከብዙ ቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰው፣ መጸዳጃውንና የውሃ ቧንቧውን ከጎረቤት ጋር የሚጋራ ሰው፣ ከደጃፉ ወጥቶ የሚያገኘው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከተማው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የነበሩት ሁለት ታላላቅ ሜዳዎች ጃን ሜዳና መስቀል አደባባይ ነበሩ፤ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ማለዳ ከጎሕ በፊት ወጥቶ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠውን ሕዝብ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እነሆ ግን ወረርሽኙ በመጣበት ሰሞን መስቀል አደባባይ ለአዲስ ሥራ ተቆፍሮ ታጠረ፤ በ2013 ዓ.ም ሰኔ ወር እስኪመረቅ ድረስም ለሕዝብ አልተከፈተም። ጃን ሜዳ ደግሞ፣ በፒያሳ አካባቢ የነበረው የአትክልት ተራ ተጨናንቆ በሽታን እንዳያሰራጭ ተብሎ የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ እንዲሆን ተሰጠ። አገር አቋራጭ ሩጫ የሚካሄድበት፣ ታቦታተ ሕጉ ለጥምቀት የሚወርዱበት ሜዳ በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሸፍኖ ከወራት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም ጥምቀት ሲቃረብ ነው የጸዳው። ገበያውን ያዛወሩት ባለ ሥልጣናት አሳባቸው ደኅና ነበር፤ ገበያተኛው ርቀት ጠብቆ እንዲገበይ ሰፊ ሜዳ ያስፈልገዋልና። ይሁን እንጂ አንዱን መጨናነቅ ለማቃለል ሲባል ለሌላው መተንፈሻ የነበረው ስፍራ መወሰዱን ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮ የጻፈው አይመስለኝም።

የሠፈሩ ሜዳ የተወሰደበት ያ ሰው እንግዲህ ምን ያድርግ? ወደ እንጦጦ ይውጣ ቢባል ታክሲ መያዝ አለበት፤ ታክሲውም በእኩሌታ መቀመጫ ስለሚጭን ዋጋው በእጥፍ ጨምሯል፤ ለሰልፉም የቆመው ሕዝብ በመሳፈሪያው ተጋፍቷል። የግል መኪና ያለው ሰው ግን መስኮቱን ዘግቶ፣ ከማንም ጋር ትንፋሽ ሳይለዋወጥ፣ በጽድ ጫካ ውስጥ ሮጦ ይመለሳል። በሕግ ፊት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በአየር ፊት ግን ባለ መኪናው ንጹሕ፣ ባለ ታክሲው ተጠርጣሪ ሆነ። ከዚህ የተነሣ «ስፖርት ለመሥራት መጓዝ ይቻላልን» ተብሎ በጅምላ ሲጠየቅ፣ የተጠየቀው በእውነት ሌላ ነገር ነበር፤ ከተማው ሰው በእግሩ የሚደርስበት ሜዳ ለማን ሰጥቶ ለማን ነፍጓል የሚል ነው። በኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በወሩ መጨረሻ እሑድ አውራ ጎዳናዎች ከመኪና ነጻ ሆነው ለእግረኛ የተለቀቁበትን ልምድ የሚያስታውስ ሰው፣ መድኃኒቱ በእጃችን እንደ ነበር አይጠፋውም። መኪና በቀነሰበት በዚያ ወቅት፣ በየሠፈሩ አንዳንድ መንገድ ከንጋት እስከ ረፋድ ለእግረኛ ቢለቀቅ፣ ታክሲ ተሳፍሮ ሜዳ መፈለግ ለብዙ ሰው ባላስፈለገ ነበር።

ሩጫው ሥራው ለሆነ ሰው ግን ይህ ሁሉ ሚዛን ይለወጣል። የአትሌቶቻችን ልምምድ በጠባዩ ጉዞ አለበት፤ አንድ ቀን የእንጦጦ ጫካ፣ አንድ ቀን የሱሉልታ መስክ፣ ሌላ ቀን የሰንዳፋ ጎዳና፣ እንደ ሳንባውና እንደ እግሩ ፍላጎት ስፍራው ይፈራረቃል፤ ለዚህም ጎሕ ሳይቀድ በሰርቪስ መኪና ተሞልተው ይወጣሉ፤ ሲሮጡም አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ በሰልፍ ነው። መጋቢት 15 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉ ሲነገር፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ የዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ባለ ድል ሳይኖረው ሲሰረዝ፣ በስፖርት እንጀራ የሚበላው ሰው ሁሉ ሕይወቱ ተናጋ። በዚያው ሚያዝያ ወር ከቤልጅግና ከሆላንድ መሐንዲሶች የተሰማው ስሌት፣ ከፊቱ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹን ወደ ኋላው ስለሚጥል ተከታዩ ዐሥር ሜትር ያህል ይራቅ የሚል ሲሆን፣ ገና በሊቃውንት ሳይመረመር በዓለም ሁሉ ተነዛ፤ በሰልፍ መሮጥ የሠለጠነውን የእኛን አትሌትም አስደነገጠ። ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን የልምምድ ሰፈሮቻቸውን ዘግተው፣ በዚያን ጊዜ የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የነበረው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ሳይቀር ብቻውን ሮጠ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን፣ ለአትሌቱ መጓዝ ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል፣ ገበሬውም ወደ እርሻው እንደሚሄደው መቆጠር ነበረበት፤ ከእርሱ ሊጠየቅ የሚገባው ከጥቂት የታወቁ ባልንጀሮች ጋር ብቻ መሳፈርና ያንኑ ቡድን አለመለወጥ ነበር።

በዚህ ረገድ ለንደን ያሳየችው ነገር ያስደንቃል። በሚያዝያ ሊደረግ የነበረው የለንደን ማራቶን ተላልፎ መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም ሲካሄድ፣ ታላላቆቹ ሯጮች ብቻ ከተመልካች ተለይተው በአንድ የተዘጋ ክብ መንገድ ላይ ሮጡ፤ ኢትዮጵያዊው ሹራ ቂጣታም በዚያ ቀን ኪፕቾጌን አሸንፎ በአንደኛነት ገባ። ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ጋዜጣ እምብዛም ያላነሳው ሌላው ክፍል ነው። በየዓመቱ ወደ ለንደን የሚጎርፈው ተራው ሯጭ ያን ጊዜ ከቤቱ አልራቀም፤ ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሰው፣ እያንዳንዱ ከገዛ ደጃፉ ተነሥቶ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በሠፈሩ መንገድ ሮጦ ጨረሰ። ለእንጀራው የሚሮጠው ተጓዘ፣ ለጤናው የሚሮጠው በደጃፉ ቀረ፤ ከዚህ የጠራ ፍርድ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም።

የሕግ መጽሐፎቹማ እርስ በርሳቸው ተጋጭተዋል። ፈረንሳይ በመጀመሪያው መዘጋት ጊዜ ከቤት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአንድ ሰዓትም ለበለጠ ጊዜ መራቅን ከለከለች፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም ግን ርቀቱን ወደ 20 ኪሎ ሜትር፣ ሰዓቱንም ወደ ሦስት አሳደገች። ደቡብ አፍሪካ መጀመሪያ ሩጫን ፈጽማ ከለከለች፤ ከግንቦት ወር መባቻ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ያውም በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ፈቀደች፤ ሕዝቡም ሁሉ በዚያች ሦስት ሰዓት ውስጥ በአንድነት ወጥቶ መንገዱን አጨናነቀው። እንግሊዝ ርቀቱን በቁጥር ሳትወስን፣ «በአካባቢህ» በምትል ቃል ስለ ተወችው ፖሊሱና ዜጋው ተጣሉባት። በደርቢሸር አውራጃ ሁለት ሴቶች ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በየግላቸው መኪና ነድተው በአንድ የውሃ ግድብ ዳር ለእግር ጉዞ ቢገናኙ፣ ሁለት ሁለት መቶ ፓውንድ ተቀጡ፤ በእጃቸው የያዙት ትኩስ መጠጥም እንደ ሽርሽር ግብዣ ተቆጠረባቸው፤ በኋላ ግን ቅጣቱ ተሰርዞ ይቅርታ ተጠየቁ። በዚያው ሰሞን የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው ከጽሕፈት ቤታቸው ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀው በብስክሌት ሲሄዱ ታዩ፤ ከዚያም ቀደም ብሎ አማካሪያቸው ዶሚኒክ ከሚንግስ ዐይናቸውን ለመፈተን ነው ብለው በመኪና ወደ ባርናርድ ካስል መሄዳቸው ሕዝቡን አስቆጥቶ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚያሳርፈው የዚያን ጊዜው የዌልስ ድንጋጌ ነው፤ እርሱ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም ነበር፤ ሩጫህ ከቤትህ ደጃፍ ይጀምር፣ በቤትህም ደጃፍ ይፈጸም ይል ነበር። እግርህ እስከ ቻለ ድረስ ሂድ፤ መኪና ውስጥ ግን አትግባ ማለት ነው። የኪሎ ሜትር ገመድ ይዞ ከሚለካው ሕግ ይህ ሕግ የበሽታውን ጠባይ የበለጠ ያውቅ ነበር።

የእኛም አባቶች ለወረርሽኝ ጊዜ ጉዞ እንግዳ አልነበሩም። በ1858 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በቆራጣ ሠፍረው ሳሉ ኮሌራ በሠራዊታቸው ገባ፤ በእጃቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ከቆላው ወጥተው ወደ ደጋ እንዲሄዱ መከራቸውና ሰፈራቸውን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ተጓዙ። አሳቡ መልካም አየር ፍለጋ ነበር፤ ነገር ግን ያን ያህል ሕዝብ ሕመምተኛውንና ጤነኛውን አቀላቅሎ ሲጓዝ በሽታውም አብሮ ተጓዘ። በ1911 ዓ.ም አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር የጣለው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባራቆታት ጊዜ፣ ከተማውን ጥሎ ወደየአገሩ የሸሸው ሰው ብዙ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ዛሬም በየደጃፉ ቆሻሻ እየተቃጠለ በሚወጣው ጢስ የሚታሰበው ይኸው ነው። በሁለቱም ጊዜ ንጹሕ አየር የሻው ሰው ልክ ነበር፤ ችግሩ አየሩ ወዳለበት የወሰደው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ተቃውሞ ይነሣል፤ ችላ ብዬው ላልፍ አልወድም። ብቻውን በገዛ መኪናው፣ ወይም በብስክሌቱ፣ ወደ ሩቅ ገላጣ ስፍራ ሄዶ፣ ማንንም ሳይነካ የሚመለስ ሰው በማን ላይ ምን በደል ይሠራል? በደሉ በእርግጥ ትንሽ ነው፤ በአየር ረገድ ከዜሮ የሚቆጠር ነው ለማለትም እደፍራለሁ። ነገር ግን ሰው ነዳጅ ይቀዳል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ ጎማው ይተነፍሳል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ለሩጫ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚሄድ ሰው፣ በመንገዱ ባለችው ትንሽ ከተማ ቆሞ ከአንዲት ሻይ ሻጭ እጅ ብርጭቆ መቀበሉ አይቀርም፤ ያቺ ሻይ ሻጭ ደግሞ ስትታመም የምትሄደው ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ነው፤ ባስ ሲል ደግሞ መንገዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል ይረዝማል። እርሷ ስለ ስፖርቱ ያወቀችው ነገር የለም፤ ለምንም ነገር ፈቃዷ አልተጠየቀም። በዚህ ምክንያት የብቸኛውን ባለ መኪና ጉዞ በሕግ መከልከል ባልደግፍም፣ ራሱ ቢተወው ግን ደስ ይለኛል፤ የሚሄድ ከሆነም ስንቁን ይዞ፣ በመንገድ ሳይቆም ይመለስ።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላም ነገር አለ። ያ ዓመት ወረርሽኙ የመጣበት ጊዜ ዐቢይ ጾም ስለ ነበር፣ ሚያዝያ 11 ቀን ለዋለው ለትንሣኤ የሚያደርሰው ሰሙነ ሕማማት በአዋጁ ጊዜ ውስጥ ወደቀ። ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ በየቤታቸው እንዲጸልዩ አዘዘች፤ ሥርዓቱም በቴሌቪዥን ተላለፈ። በዕለተ ስቅለት ከማለዳ እስከ ማታ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የሚሰግደው ሕዝብ፣ በዚያ ዓመት በየጓዳው፣ አልጋና ወንበር ወደ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ኪርያላይሶን እያለ ሰገደ። ስግደትን ወደ ስፖርት ማውረድ ነውር ነውና እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም፤ ነገር ግን ጉልበቱን፣ ወገቡንና ትከሻውን ሙሉ ቀን ያንቀሳቀሰ ሕዝብ፣ ያን ለማድረግ ተሽከርካሪ አላስፈለገውም። ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ወርቅ ማርያምና ወደ መርጡለ ማርያም የሚደረገው ጉዞም ከጥንት ጀምሮ በእግር ነበር፤ የቅኔ ተማሪው ኮቸሮውን በአኩፋዳው ይዞ ከጎጃም ጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞረው በእግሩ ነው። አገሩ የተሠራው በእግር ለሚሄድ ሰው ስለ ሆነ፣ ለመንቀሳቀስ መሳፈር የሚለው አሳብ በዚህ ምድር ገና እንግዳ ነው።

በአማኑኤል ላይ ተግባራዊ የሚሆነው ነገር እንግዲህ ከአዋጅም ከቅጣትም ውጭ ነው። እንደ እርሷ ባሉ ከተሞች የሚገኘው ደልዳላ ሜዳ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን ክፍሎቹ ብቻ ሳይሆኑ ግቢውም ተቆልፎ፣ ወጣቱ ሁሉ አጥሩን በቀዳዳ እያየ ወደ አስፋልቱ ዳር ወጣ፤ ባጃጅ የጠራውም ያን ጊዜ ነው። ለተማሪ የተዘጋ ክፍል ለሯጭ የተዘጋ ሜዳ መሆን አልነበረበትም። ዘበኛው በር ላይ እንዳለ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ከአንድ ቀበሌ፣ ከ2 እስከ 4 ከሌላው ቀበሌ፣ ማታም እንዲሁ እየተፈራረቀ፣ ኳስ ሳይያዝ ለብቻው የሚሮጥ ሁሉ እንዲገባ ማድረግ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የጤና ጽሕፈት ቤት በአንድ ደብዳቤ የሚጨርሱት ጉዳይ ነበር። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ግቢው ሲዘጋ የሜዳው በር ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጣል፣ ማለዳ ማለዳስ ማን ይከፍተዋል?